ሳማን መብላት፣ መትከልና ማጥፋት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢዬ ውስጥ ሆን ብዬ ሳማ እንደማሳድግ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ሳማ የሚባለው የትኛው ነው? የሚለበልብ ቅጠል ሁሉ ሳማ ነው?

አይደለም። ሳማ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ከጉልበት እስከ ወገብ ይደርሳል። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። ዳራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ግንዱንም ቅጠሉንም ስስ ጸጉር ይሸፍነዋል። ደጋ ላይ በረት አጠገብ፣ አጥር ሥር፣ የፈረሰ ቤት ቦታ ላይ አይጠፋም። ፍግና ጉድፍ የበዛበት መሬት ይስማማዋል። የእኛው የደጋ ሳማ በሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል። «ሲሜንሲስ» ማለት «የስሜን» ማለት ነው። የኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች ተወላጅ ነው።

ሐረግ ሆኖ ሌላ ተክል ላይ የሚጠመጠም የሚያቃጥል ነገር ካያችሁ ግን ሳማ አይደለም። ብዙ ቦታ አለብላቢት ይሉታል። እሱን ተዉት። «አቃጠለኝ፣ ስለዚህ ሳማ ነው» ብሎ መልቀም አያዋጣም። ካልለያችሁት በሰፈሩ ሳማ ሲበላ ያደገ ሰው ያሳያችሁ።

ለምንድን ነው የሚለበልበው? ሲለበልበኝስ ምን ላድርግ?

እያንዳንዱ ጸጉር ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ነው። ጫፉ እንደ መስታወት ቶሎ ይሰበራል። ቆዳ ሲነካው ይሰበርና ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ይወጋል። ብዙ ሰው «አሲድ ነው» ይላል። ፎርሚክ አሲድ አለበት፣ እውነት ነው። ግን ሂስታሚን፣ አሴቲልኮሊንና ሴሮቶኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። ማሳከኩና ሽፍ ማለቱ በአብዛኛው ከእነሱ የሚመጣ ነው።

ሲለበልባችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። አትከኩት፣ አትሹት። ሲታሽ የተሰበረው ጸጉር የባሰ ይገባል። ትንሽ ታግሳችሁ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ከዚያ የሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ ብትነቅሉት የቀረውን ጸጉር ይዞ ይወጣል። ልጅ እያለን ቱልት ቅጠል ጨምቀን እንቀባ ነበር። ቅዝቃዜው ያሳርፋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን እኔ አልጠብቅበትም። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይነዘንዛል። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ።

በእርግጥ ይበላል? የችግር ጊዜ ምግብ አይደል እንዴ?

ሁለቱም ነው። በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ሳማ ሲበላ የኖረ ቅጠል ነው። የችግር ምግብ የሚለው ስም የወጣለት በወቅቱ ምክንያት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የአምናው እህል ጎተራ ውስጥ ያልቃል፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ነው። ልክ በዚያው ሰዓት ሳማው ለምለም ሆኖ አጥር ሥር ቆሟል። በነጻ ነው። ያለው ሰውም የሌለውም ጋ ይበቅላል፤ የሚበላው ግን የሌለው ነው ተባለ።

አክስቴ ሳማ ስትሠራ እንግዳ ከመጣ ድስቱን ከድና ጓዳ ታስገባው ነበር። ለእንግዳው ሽሮ ይቀርባል። እሱ ሲሄድ ሳማው ይወጣል። እኛ ልጆቹ ደግሞ እንግዳው ቶሎ እንዲሄድልን እንጸልይ ነበር፤ ሳማው ከሽሮው ይጥመን ነበርና። በሌላ በኩል ብዙዎቻችን ሳማን የምናውቀው በቅጣት ነው። ስናጠፋ እግራችን የተለበለበበትን ቅጠል ሳህን ላይ ማየት ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ከጎመን የሚያሳንሰው አንድም ነገር የለም። ለፍልሰታ ጾም ደግሞ ወቅቱ ራሱ ገጥሞለታል።

መቼና እንዴት ይለቀማል?

ከማበቡ በፊት። ይሄ አንዱና ዋናው ሕግ ነው። ዝናብ ከገባ በኋላ የሚወጣው ለጋ ቅጠል ነው የሚፈለገው። ከጫፉ አራት ወይም ስድስት ቅጠል ውሰዱ፣ የታችኛውን ተዉት። አበባ ከያዘ በኋላ ቅጠሉ ውስጥ ጥቃቅን የኖራ ቅንጣት ይጠራቀማል። ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ቃጫውም ይበዛል። ካበበባችሁ ግንዱን ከሥር አሳጥራችሁ ቁረጡት፤ እርጥበት ካለ እንደገና ለጋ ያወጣል።

ለእጃችሁ ወፍራም የጎማ ጓንት ይሻላል። ፌስታል እጅ ላይ ጠምጥሞ የሚለቅም ሰው አለ። አንድ ፌስታል አይበቃም፣ ጸጉሩ ይበሳዋል። ደራርባችሁ አድርጉት። እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ቁርጭምጭሚታችሁንም አትርሱ። እኔ በመቀስ ቆርጬ ቀጥታ ባልዲ ውስጥ ነው የምጥለው። ብዛቱን በተመለከተ፣ አንድ ትልቅ ፌስታል ጢም ብሎ የሞላ ሳማ ለአራት ሰው ቢበቃ ነው። ሲቀቀል ጭብጥ ታክላለች።

እንዴት ነው የሚሠራው?

የእኔ አሠራር ይሄ ነው። ቅጠሉን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ በማማሰያ አገላብጠዋለሁ። አፈሩ ይወርዳል፣ እጄ አይነካም። ሁለት ሦስቴ ውሃ እቀይራለሁ። ድስት ውስጥ ውሃ ሲንተከተክ እጨምረዋለሁ። ሙቀቱ መርፌዎቹን ወዲያው ያከሽፋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት ይቻላል። ለጋ ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። አውጥቼ አጠነፍፈዋለሁ። የተቀቀለበትን ውሃ አልደፋም፤ በኋላ ለማቅጠኛ ይሆናል።

ከዚያ ሙቀጫ ውስጥ አደቀዋለሁ። ሙቀጫ የሌለው መክተፊያ ላይ ደቀቅ አድርጎ ይክተፈው። ሽንኩርት በትንሽ ዘይት አቁላልቼ ነጭ ሽንኩርት እጨምርበታለሁ። ሳማው ይገባል፣ ያ ውሃው ይከተላል። መንተክተክ ሲጀምር ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት እየነሰነስኩ አማስላለሁ። እንዳይጓጉል እጅ ፈጠን ማለት አለበት። የባቄላ ዱቄት ወይም ሽሮም ይሆናል። ዱቄቱ ሲበስል ጨው፣ መጨረሻ ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ። ጨርሶ ያለ ሽንኩርትና ያለ ዘይት፣ በውሃ፣ በጨውና በዱቄት ብቻ የሚሠራም አለ። የአክስቴ እንደዚያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእኔው ይጥማል።

በእንጀራም በገብስ ቂጣም ይሄዳል። ለፍስክ ቅቤና አይብ ጨምሩበት። ጎመን በአይብ የሚወድ ሰው ይሄንን ሲቀምስ ዝም ነው የሚለው። ጣዕሙ ወደ ቆስጣ ያደላል። ጀማሪ የሚሳሳተው ዱቄቱ ላይ ነው። ሲቀጥንበት ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በመጨረሻ አረንጓዴ ገንፎ ይዞ ይቀራል። ዱቄት ለመወፈር ጊዜ ይፈልጋል። ታገሱት።

ጥሬውን መብላት ይቻላል? ማድረቅስ?

ጥሬውን የሚበሉ ሰዎች አሉ። በእንግሊዝ አገር ዶርሴት በሚባለው አውራጃ ጥሬ ሳማ የመብላት ውድድር ይካሄዳል፤ ሰው ግንዱን ይዞ ቅጠሉን እየመዘዘ ይውጣል። እኔ አልመክርም። ምላስ ላይ የተለበለበ ሰው ሁለተኛ ሳማ አይነካም። በጣም ከደቀቀ ወይም በጁስ መፍጫ ከተፈጨ ጸጉሩ ይሰባበራል። ቢሆንም በፈላ ውሃ አንዴ ማለብለብ ምን ይከብዳል?

ማድረቅ ግን በጣም ጥሩ ነው። ጥላ ቦታ፣ ነፋስ በሚያገኘው ወንፊት ወይም ሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ቀለሙ ይነጣል። ሲነካ ፍርክስክስ ሲል ደርሷል። ያልተፈጨ ደረቅ ሳማ አንዳንዴ አሁንም ይወጋል፤ ስትፈረፍሩት ጓንት አድርጉ። ዱቄቱን በደንብ በሚከደን ዕቃ አስቀምጡት። ሽሮ ላይ አንድ ማንኪያ ጣል ማድረግ ይቻላል። ዳቦ ሊጥ ውስጥም ይገባል፤ ዳቦው አረንጓዴ ሲሆን ልጆች ይደነቃሉ።

ደም ይሞላል፣ ጨጓራ ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

የአውሮፓው ሳማ ተቀቅሎ ሲለካ በ100 ግራም ውስጥ 480 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ተገኝቶበታል። የላም ወተት በዚያው መጠን 120 ገደማ ነው። ይሄ የሚያስገርም ነው። ብረቱ ግን 1.6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን እንደሚወራለት አይደለም። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። የእኛው ሳማ እንደ አፈሩና እንደ ዕድሜው ከዚህ ሊለይ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። የቅጠል ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ወይም ቃሪያ አብሮት ሲበላ ይሻላል፤ ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል። እኛ ደግሞ ከምግብ በኋላ ቡና ካልተፈላ የበላን አይመስለንም! አንድ ሰዓት ያህል ብታቆዩት ጥሩ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይመርመር፣ የታዘዘለትን ይውሰድ። ሳማ ምግቡ ነው፣ መድኃኒቱ አይደለም። ለጨጓራም በየአካባቢው ይጠጣል። ለሚስማማው ሰው ጎመን ከመብላት የተለየ ጉዳት የለውም፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰው ግን በሳማ አይድንም።

መጠንቀቅ ያለበት ማነው?

ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከሁሉም በፊት። ሳማ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው። በ100 ግራም 500 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ ይሄ ለአንድ ትልቅ ሰው ከሚያስፈልገው የቀን መጠን ብዙ እጥፍ ነው። ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ጎመንም እንደዚያው ነው፣ ግን ሰው ስለ ጎመን ተነግሮታል፣ ስለ ሳማ የነገረው የለም። ለሐኪማችሁ ንገሩት።

የኩላሊት ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ ይጠይቁ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ አልፎ አልፎ በወጥ መልክ መብላት የሚያሳስብ አይመስለኝም። ዱቄቱን በየቀኑ እንደ መድኃኒት መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ሳይጠይቁ አይጀምሩ። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ሥሩንና ዱቄቱን እንደ መድኃኒት መውሰዱን ትተው።

ሆን ብሎ መትከል ይቻላል? ሰው ምን ይለኛል?

ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ቅጠል ሊለምናችሁ ይመጣል። ክረምት ሲገባ ከነሥሩ አንድ ግንድ ቆፍራችሁ አምጡ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል እያራራቃችሁ ትከሉት። ይያዛል። ከዘርም ይበቅላል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለሆነ አትቅበሩት፤ አፈሩ ላይ በትናችሁ በእጅ ጫን አድርጉትና እርጥበት እንዳይለየው ጠብቁ። ፍግ ወይም ኮምፖስት ስጡት። ግማሽ ጥላ አያስከፋውም። ቆላ ላይ ግን አትድከሙ።

ቦታው ነው ወሳኙ። ልጆች ከሚሮጡበት፣ ልብስ ከሚሰጣበት፣ ከቧንቧው መንገድ አርቁት። እኔ ጓሮ ጥግ ሁለት በሁለት ሜትር ሰጥቼዋለሁ። ቦታ የሌለው በተቆረጠ ጀሪካን ወይም በአሮጌ ባልዲ ይትከል። ሥሩ አይሸሽም፣ ነገሩም ያልቃል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትቁረጡበት።

ለከብትና ለዶሮስ ይሆናል?

እርጥቡን ከብት ይሸሸዋል፣ አፉን ይለበልበዋል። ታጭዶ ከጠወለገ ወይም ከደረቀ በኋላ ግን ይበላዋል። ለዶሮ የደረቀው ተፈርፍሮ ከመኖ ጋር ይደባለቃል።

ለአትክልት ማዳበሪያም ይሆናል። አንድ ኪሎ እርጥብ ሳማ በ10 ሊትር ውሃ ዘፍዝፋችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆዩት። አረፋው ሲያቆም አጥልሉት። አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሥር ሥሩን አጠጡ። ለጎመንና ለቲማቲም ናይትሮጅን ይሰጣል። ሽታው ግን ለአፍንጫ አይመችም። ከመስኮት አርቁት፣ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ፈጽሞ አትክፈቱት።

ውጭ አገር ያየሁት ሳማ ከእኛው ጋር አንድ ነው?

ዘመድ ነው። አውሮፓና አሜሪካ የሚበዛው ኡርቲካ ዳዮይካ ይባላል። ይለበልባል፣ ይበላል፣ አሠራሩም ያው ነው። ስዊድኖች በጸደይ ሾርባ ይሠሩበታል። እዚያ የሚለቀመው በረዶው ሲለቅ፣ በመጋቢትና በግንቦት መካከል ነው። እስራኤል ያላችሁ ሲርፓድ ብላችሁ ጠይቁ፤ እዚያ የሚለመልመው በብርዱ ወቅት ዝናብ ነው። በአረብ አገር ሙቀት ውስጥ መትከል አይታሰብም፣ ደረቁን ግን የሻይ ቅጠል ከሚሸጡ ሱቆች መፈለግ ይቻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ሳማ የሚመስል ግን የማይለበልብ ተክል እዚያ አለ፤ ካልለበለበ የእኛ ሰው አይደለም። ሁለተኛ፣ በፓርክ ውስጥ ቅጠል መልቀም የሚያስቀጣበት ቦታ ብዙ ነው። ፌስታል ይዞ ከመግባት በፊት መጠየቅ ነው።

የትም የበቀለ ሳማ መልቀም ይቻላል?

አይቻልም። ሳማ የሚወደው ቦታ ራሱ ነው ችግሩ። ቆሻሻ መጣያ፣ የመጸዳጃ ቤት ጀርባ፣ የፍሳሽ ቦይ ዳር ያምርበታል። ከአፈሩ ናይትሬትና እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ይስባል። መቀቀል ጀርሙን ይገድላል፣ እርሳሱን ግን አያወጣም። ስለዚህ አዲስ አበባ ወንዝ ዳር የቆመ፣ ጋራዥ አጠገብ የበቀለ፣ ዋና መንገድ ዳር አቧራ የጠጣ ሳማ ምንም ያህል ቢለመልም እለፉት።

ከገበያ ስትገዙም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ሻጯ «ከደጋ ነው» ካለቻችሁ ከየት ደጋ በሏት። ከለቀመችው መልሱ ይገኛል።

ግቢዬን ወረረው። እንዴት ላጥፋው?

በአንድ ቀን አይጠፋም። ግንዱን ማጨድ ብቻውን ለሥሩ ዕረፍት መስጠት ነው። መሬቱ ርሶ ሲለሰልስ በዶማ ከሥር አንሱት፣ የሥሩን ቁራጭ ለቅማችሁ አውጡ። የቀረ ሥር ያቆጠቁጣል። የነቀላችሁትን ፀሐይ ላይ አድርቁት እንጂ እርጥቡን ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱ። በዶማ መድረስ ለማይቻልበት ቦታ ካርቶን ደራርቡበት ወይም ጥቁር ላስቲክ አልብሱት። ብርሃን አጥቶ አንድ ሙሉ ዓመት ከቆየ ይደክማል።

ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ አበባውን ይቁረጥ። ዘር ካላፈሰሰ የሚቀጥለው ክረምት ይቀላል። ጎን ለጎን ለጋውን እየበላችሁ ሥሩን ማድከም ትችላላችሁ፤ በየሦስት ሳምንቱ የሚቆረጥ ሳማ ብዙ አይሰፋም።

ጸረ አረም ብረጭበትስ?

ሰፊ ቅጠል የሚገድሉት እንደ ቱ ፎር ዲ ያሉ መድኃኒቶች ሊጎዱት ይችላሉ። ግን አስቡት፤ ሰፊ ቅጠል ያለው ጎመናችሁ፣ ቆስጣችሁና ቲማቲማችሁ አጠገቡ ነው። ነፋስ ካመጣው ሳማው ሳይሆን ጎመኑ ቀድሞ ይጠወልጋል። ለጓሮ አትክልት ቦታ እኔ አልጠቀምም።

የከበደው ጣጣ ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የተረጨ ሳማ ወዲያው አይጠወልግም፤ ለቀናት ለምለም መስሎ ይቆያል። አጥር ዳር ከሆነ የሚለቅመው ሰው አያውቅም። ረጭታችሁ ከሆነ ለጎረቤትም ለእረኛም ንገሩ፣ ቦታው ላይ ምልክት አድርጉ።

ጎረቤቴ «ሳማህ ወደ እኛ ተሻገረ» አለችኝ። ምን ይሻላል?

ትክክል ልትሆን ትችላለች። በአጥሩ መስመር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠልቃችሁ አሮጌ ቆርቆሮ ቅበሩ፣ ሥሩን ያግደዋል። በእሷ በኩል የወጣውን ራሳችሁ ሄዳችሁ ንቀሉላት፤ ጓንቱ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አበባውንም በወቅቱ ቁረጡ፣ ዘሩን ቆርቆሮ አያስቆመውምና።

እኔ ይሄን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ አንድ ሳህን ሳማ በአይብ ይዤ ሄድኩ። በሳምንቱ መጥታ ቆርቆሮውን ከአንድ በኩል እንዳነሳው ጠየቀችኝ። አላነሳሁትም። በጀሪካን ተክዬ ሰጠኋት።